ስፖንጁ ለየትኛው መንገድ ተቆረጠ?

ሳጥን የሚሄስ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። ሥዕል ይሄሳል፣ ልብ ወለድ ይሄሳል፣ ፊልም ይሄሳል። ሥዕሉ ተጠቅልሎ የመጣበት ሳጥን ግን ደጅ ይቀራል፤ ከተከፈተ በኋላ ወይ ይጣላል ወይ አልጋ ሥር ይገባል። እኔ ግን መያዣም ሥራ ነው ባይ ነኝ። አንድን ነገር ለመያዝ የተሠራ ዕቃ ስለዚያ ነገር የሚለው አለው፦ የቱ ጋ ቶሎ እንደሚሰበር፣ ማን እንደሚሸከመው፣ የት ድረስ እንደሚሄድ፣ በስንት ጊዜ አንዴ እንደሚከፈት። የሚለው ነገር ካለው ደግሞ ልክ ሊሆንም ሊሳሳትም ይችላል። ሊሳሳት የሚችል ነገር ሁሉ ሂስ ይገባዋል።

እዚህ የማነሳቸው መያዣዎች በመጠንም በክብርም አይገናኙም። አንዱ የአሻንጉሊት ወታደሮች የሚተኙበት ስፖንጅ ነው፤ አንዱ የብራና መጽሐፍ የሚገባበት ማኅደር ነው፤ አንዱ ድንቅነሽ ባሕር ተሻግራ የተጓዘችበት ነው። ያገናኘኋቸው ለሁሉም የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ስላለኝ ነው። ጥያቄው ጥርት ብሎ የሚታየው ደግሞ ከትንሹ ሲጀመር ነው።

ሥራዬ ሶፍትዌር ነው፤ ቀኑን ሙሉ በእጅ የማይነካ ነገር ስሠራ እውላለሁ። ማታ ማታ ደግሞ የሚነካ ነገር እቀባለሁ፦ ቁመታቸው 28 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆኑ የፕላስቲክ ወታደሮች። ጨዋታው በውጭ አገር ትልቅ ገበያ ያለው ነው፤ በጣም የታወቀው ዋርሃመር እ.ኤ.አ. በ1983 እንግሊዝ ውስጥ ወጣ። ሁለት ሰዎች ሠራዊታቸውን ጠረጴዛ ላይ ደርድረው፣ ርቀቱን በሜትር እየለኩ፣ እንደ ሉዶ ዳይስ እየጣሉ ይዋጋሉ። ወታደሮቹ ከፋብሪካ የሚመጡት እጅና እግራቸው ተበታትኖ ስለሆነ ቆርጦ ማጣበቅና በቀጭን ብሩሽ መቀባት የባለቤቱ ፋንታ ነው። እዚህ የምንጫወተው ጥቂት ነን፤ አንዱ ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ አንዱ ጎሮ፣ እኔ ገርጂ። ዕቃው የሚደርሰን ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው። 43 ወታደሮች አሉኝ። አንዱን ቀብቶ ለመጨረስ ስድስት ሰዓት ያህል ይፈጅብኛል፤ አባዙት፣ 258 ሰዓት ይመጣል። እሁድ ከሰዓት ጨዋታ ሲኖር ይህን ሁሉ ሰዓት ታቅፌ ነው ሚኒባስ የምሳፈረው።

ለዚህ ጉዞ የታወቀው መያዣ ውጩ ጠንካራ ሻንጣ፣ ውስጡ በደረጃ በደረጃ የተነጠፈ ስፖንጅ ነው። ንጣፉ ላይ ለእያንዳንዱ ወታደር የተቆረጠ ጎድጓዳ አለ። በርካሹ ዓይነት ስፖንጁ በትንንሽ ካሬ ቀድሞ ተበጣጥሶ ይመጣል፤ የማይፈለገውን ካሬ በጣት እየነቀሉ ቦታ ማበጀት ነው። በውዱ ዓይነት የወታደሩ ቅርፅ በኮምፒውተር ተለክቶ በማሽን ይቆረጣል። እኔ የሄድኩት በሦስተኛው መንገድ ነው፤ ፍራሽ ከሚሸጥ የሰፈር ሱቅ ስፖንጅ ገዛሁ።

«ለሶፋ ነው ለትራስ?» አሉኝ ባለሱቁ።

«ለወታደር ነው ጋሼ።»

«ስንት ሰው ይተኛበታል?» አሉ፣ የምራቸውን።

«አርባ ሦስት።»

ስቀው ሲያበቁ የልጄን ያህል ታስቃለህ ብለው ቁርጥራጩን በቅናሽ ሰጡኝ። ጥያቄያቸው ግን ትክክለኛው ጥያቄ ነበር። ስፖንጅ ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚታወቀው ማን እንደሚተኛበት ነው።

የስፖንጅ ዋና ሐሳብ ከሁሉም አቅጣጫ እኩል መጫን ነው። ሐሳቡ ለእንቁላል ይሠራል። ጦር ለያዘ ወታደር ግን እኩል መጫን ፍትሕ አይደለም፤ ሁሉም ቦታ እኩል ሲጫን መጀመሪያ የሚሰበረው ቀጭኑ ነው። ስለዚህ ጥሩ ጎድጓዳ ወታደሩን መቆሚያውና ደረቱ ላይ ያዝ አድርጎ፣ ጦሩ ዙሪያ ግን አየር ይተዋል። የመያዣ ጥበብ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፦ የት እንደሚነካ ከማወቅ ይልቅ የት እንደማይነካ ማወቅ ይከብዳል።

ሁለተኛው ጉዳይ መፋተግ ነው። መኪናው በተንቀጠቀጠ ቁጥር ስፖንጁ ቅርፁን በትንሹ ይፍቀዋል። ከብዙ ጉዞ በኋላ ቀለሙ ከክርንና ከራስ ቁር ጫፍ ላይ መልቀቅ ይጀምራል። ለዚህ ነው ተጫዋቾች ከቀለሙ በላይ ቫርኒሽ የሚደርቡት።

ሦስተኛውን ሰው ብዙ ጊዜ አያስበውም፤ መውጫው። ጎድጓዳው ልክክ ብሎ ከተቆረጠና ጣት የሚገባበት ቦታ ከሌለው፣ ወታደሩን የሚያወጣው ሰው የሚይዘው የወጣውን ነገር ነው። የወጣው ነገር ደግሞ ጦሩ ነው። እስካሁን ካየሁት ስብራት አብዛኛው የደረሰው ጉዞው በሰላም ካለቀ በኋላ፣ ሻንጣው ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ ነው። መንገዱን ሁሉ አስቦ እጅን የረሳ መያዣ ግማሽ መያዣ ነው።

ከስፖንጅ ሌላ የማግኔት ወገን አለ። ከእያንዳንዱ ወታደር መቆሚያ ሥር ትንሽ ማግኔት ይለጠፍና ሳጥኑ ወለሉ ላይ ቆርቆሮ ይነጠፍበታል። ወታደሮቹ ቆመው ይጓዛሉ፤ ገላቸውን የሚነካ ነገር የለም፤ ቀለም አይፋቅም። ያምራልም። ችግሩ ማግኔት ወደ ላይ ሲስቡት እንጂ ወደ ጎን ሲገፉት ያን ያህል ብርቱ አለመሆኑ ነው። ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ወታደሮቹ ተንሸራትተው እርስ በርስ ይጋጫሉ፤ ጦርነቱ ሳንደርስ ያልቃል። ከመገናኛ ወደ አያት በባቡር ከሆነ የምሄደው ማግኔቱን እይዛለሁ። በሚኒባስ ከሆነ ስፖንጁን። ወያላው «ሻንጣውን ከኋላ ጣለው» ካለኝ ደግሞ ሁለቱም አያድኑኝም፤ ጭኔ ላይ አደርገዋለሁ እንጂ።

መንገዱ ሳይታወቅ «የትኛው መያዣ ይሻላል?» ብሎ መጠየቅ ትርጉም የለውም። ጥያቄዬ ይኸው ነው፦ ይህ ነገር የተቆረጠው ለየትኛው መንገድ ነው?

ጨዋታው የፈረንጅ ነው ብዬ እንዳልተወው የሚከለክለኝ ሰንጠረዥ ነው። ሰንጠረዥ ዛሬ በየቢሮው ኤክሴል ላይ የሚሠራው፣ እኔም በየቀኑ ዳታቤዝ ውስጥ የምፈጥረው የረድፍና የዓምድ ስም ነው። ከዚያ በፊት ግን የጦርነት ጨዋታ ነበር፤ በመኳንንት ቤት የሚጫወቱት የእኛው ቼዝ። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ታሪኩንና ሕጉን ሰብስበው ጽፈውበታል። ከሕጎቹ በጣም ደስ የሚለኝ ወረራ የሚባለው መክፈቻ ነው፦ የመጀመሪያው መበላላት እስኪመጣ ድረስ ተራ ብሎ ነገር የለም፣ ሁለቱም ተጫዋች እጁ የቻለውን ያህል ያንቀሳቅሳል።

ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመኝ ግን ዕቃው ነው። ገበታው ቀይ ጨርቅ ላይ በጥቁር ወይም በሰማያዊ ጥብጣብ መስመር የተሰፋበት ነበር፤ ጨርቅ ደግሞ ይጠቀለላል፣ ኮርቻ ላይ ይታሰራል። ጠጠሮቹን በተመለከተ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ ወፋፍራምና ለእጅ የማይመቹ ብጤ እንደነበሩ ጽፏል። ፕላውደን እንደ ጉድለት ያየውን እኔ እንደ መፍትሔ ነው የማየው። ጨዋታውን የሚጫወቱት ሰዎች ዓመቱን ሙሉ አንድ ቦታ የሚቀመጡ አልነበሩም፤ ክረምት ሲወጣ ዘመቻ አለ፣ ድንኳን አለ፣ በቅሎ አለ። ወፍራም ጠጠር የሚሰበር ቀንድ የለውም፣ ጦር የያዘ እጅ የለውም። ሠላሳ ሁለቱንም ከረጢት ውስጥ ጨምሮ መሄድ ነው። ጠጠሩ ራሱ የራሱ መያዣ ነው።

በእኛ ሙያ ውስብስብነት አይጠፋም፣ ቦታ ነው የሚቀይረው ይባላል። ቅርፁ በቀጠነ ቁጥር መያዣው ይወፍራል። የሰንጠረዡ ጠራቢ ችግሩን ጠጠሩ ውስጥ ጨረሰው፤ የእኔ ወታደሮች ንድፍ አውጪ ግን ጦሩን እንደ መርፌ አቅጥኖ ችግሩን ለስፖንጅ ቆራጩ አስተላለፈው። ሁለቱም መብታቸው ነው። ቀጭን ጦር ያምራል። ግን ውበቱን በተናገርን ቁጥር ክፍያውን ማን እንደሚከፍል አብረን መናገር አለብን።

ታዲያ ነገሩ ራሱ መወፈር የማይችል ሲሆንስ? የብራና መጽሐፍ ልክ እንደ ጠጠር ደንዳና ሊሆን አይችልም፤ ቅጠሎቹ መገለጥ አለባቸው። ስለዚህ ማኅደር ተሰፋለት። ቃሉ «ኀደረ» ከሚለው ግስ የመጣ ነው፤ ማደሪያ ማለት ነው። ዛሬ «የግል ማኅደር» ስንል የሰው ኃይል ክፍል የሚያስቀምጠውን ፋይል ማለታችን ነው። ኮምፒውተር ላይ ፎልደር የሚለውን የተረጎሙት ሰዎች ደግሞ «አቃፊ» አሉት። እንግሊዝኛው የታጠፈ ወረቀትን ነው የሚያስታውሰው፤ የእኛዎቹ አንዱ ቤት፣ አንዱ እቅፍ ናቸው። ቀኑን ሙሉ ከነዚህ ቃላት ጋር ስለምውል ይሆናል እንዲህ ያለው ነገር የሚታየኝ።

ማኅደር ጠንከር ካለ ቆዳ በመጽሐፉ ልክ የሚሰፋ ነው። የአንዱ መጽሐፍ ማኅደር ለሌላው አይሆንም፤ በዚህ በኩል በማሽን ከሚቆረጠው ውድ ስፖንጅ ጋር ወንድማማች ናቸው። ክዳን አለው፣ ማንገቻ አለው። ማንገቻው መንገዱን ይናገራል፦ ይህ መጽሐፍ በሰው ትከሻ ላይ ይሄዳል፣ ሲደርስ ግድግዳ ላይ ካለ ችካል ይንጠለጠላል። መንጠልጠሉ ከወለል እርጥበትና ከአይጥ ያርቀዋል። አንድ ማሰሪያ ለጉዞም ለማደሪያም ሠራ ማለት ነው። ሻንጣዬ ይህን አይችልም፤ ቤት ስደርስ ቦታ የሚይዝ ግዑዝ ሳጥን ነው።

ከሁሉ በላይ ማኅደር የተሰፋው ለሚነበብ መጽሐፍ ነው። ዳዊት የሚደግም ሰው በየቀኑ ያወጣዋል፣ በየቀኑ ይመልሰዋል። መያዣው ሲሠራ መከፈቱ ታስቦበታል፤ እጅ ታስቧል። ቅድም ግማሽ መያዣ ያልኩትን ሙሉ የሚያደርገው ይህ ነው።

አገልግልም ከዚህ ወገን ነው። ቦሌ ውስጥ አንዳንድ ምግብ ቤት ስትገቡ አገልግል የምግብ ዝርዝሩ ላይ ዋጋ ተጽፎለት ታገኙታላችሁ፤ ከወጥ ቤት እስከ ጠረጴዛ አሥር ሜትር ይጓዛል። በትክክለኛ ሕይወቱ ግን በስፌት ተሰፍቶ ቆዳ የለበሰ፣ እንጀራና ወጥ ይዞ ረጅም መንገድ የሚሄድ የስንቅ ዕቃ ነው። የአገልግል ስኬት የሚለካው ባዶውን ወደ ቤት በመመለሱ ነው። ሙሉውን ከተመለሰ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ወይ ምግቡ ወይ ዘመድነቱ።

ማኅደርን ግን ከነጉድለቱ እንየው። ጥሩ መያዣ ማን እንደተሸከመው አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ መጻሕፍቱን ሲዘርፍ፣ በትከሻና በበቅሎ ለመጓዝ የተሰናዳ መጽሐፍ ለዘራፊውም ተሰናድቶ ነበር የጠበቀው። 350 ያህል የሚሆኑት ዛሬ ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ ናቸው። ማንገቻው የሚያውቀው ትከሻን ነው፤ የማን ትከሻ እንደሆነ አያውቅም። መንገዱን የሚመርጠው ሰው ነው። ይህን ይዘን ወደ ድንቅነሽ እንሂድ።

ድንቅነሽ እ.ኤ.አ. ኅዳር 24 ቀን 1974 አፋር፣ ሐዳር ውስጥ ተገኘች። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፤ ከአጽሟ 40 በመቶ ያህሉ ተርፏል። አምስት ኪሎ፣ ብሔራዊ ሙዚየም፣ በተማሪነታችን ተሰልፈን ያየናት ግን ቅጂዋ ናት። ዋናዋ በዚያው ግቢ ካዝና ውስጥ ትቀመጣለች። እ.ኤ.አ. እስከ 2007 ድረስ ዋናዋ ለሕዝብ የታየችው ሁለት ጊዜ ብቻ እንደነበር በወቅቱ የወጡ የዜና ዘገባዎች ጽፈዋል።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ወደ ሂዩስተን ተጓዘች። ከሂዩስተን ሲያትል፣ ከሲያትል ኒው ዮርክ ታየች፤ በመጨረሻ ካሊፎርኒያ ሳንታ አና ታይታ እ.ኤ.አ. በ2013 ተመለሰች። ከመሄዷ በፊትም በኋላም ክርክሩ ከባድ ነበር። ኬንያዊው ሪቻርድ ሊኪ ጉዞውን በግልጽ ተቃወሙ። ስሚዝሶኒያን አላሳይም አለ። ተቃዋሚዎቹ «ምትክ የላትም፣ ትሰበራለች» አሉ። ደጋፊዎቹ «በጥንቃቄ ታሽጋለች፣ አገርን ታስተዋውቃለች፣ ገቢም ታመጣለች» አሉ።

ሁለቱም ወገን የተከራከሩት ስለ ሳጥኑ ግድግዳ ነው። በቂ ነው ወይስ አይደለም? እንደ ስፖንጅ ቆራጭ ይህ ጥያቄ ይገባኛል፤ ቀላል ጥያቄም አይደለም። የሙዚየም ባለሙያዎች የእኔን የፍራሽ ስፖንጅ ለእንዲህ ያለ ነገር ዘላቂ ማደሪያ አያደርጉትም። ፖሊዩሬቴን ነው፤ ሙቀትና ብርሃን እየበላው ቢጫ ይሆናል፣ ከዓመታት በኋላ ይፈረፈርና በያዘው ነገር ላይ ይጣበቃል። እነሱ የሚመርጡት ፖሊኢትሊን ነው፤ አየሩ በየአረፋው ተዘግቶ የተቀመጠበት፣ ቶሎ የማይለወጥ። በቁራጩ ልክ ይቆርጡታል፣ በለስላሳ ነገር ይሸፍኑታል፣ አጥንቱ ጠንካራ በሆነበት ቦታ ብቻ እንዲያርፍ ያደርጋሉ፣ ጣት የሚገባበትንም አይረሱም። እኔ በ28 ሚሊ ሜትር ወታደር ላይ የተማርኩት ሕግ እዚያም ያው ነው።

በግድግዳው በኩል ጉዞው ተሳክቷል ማለት ይቻላል፤ ሄዳ ተመልሳለች። ግን የመያዣ ሂስ ግድግዳው ላይ ካቆመ ዋናውን ነገር ይስታል። ይህ ስፖንጅ የተቆረጠው ለየትኛው መንገድ ነው? ከአዲስ አበባ ወደ ሂዩስተን። ከዚያ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2025 ከሰላም ጋር፣ ከዲኪካዋ ሕፃን ጋር ማለቴ ነው፣ ወደ ፕራግ፤ ለ60 ቀን። በመሀል እ.ኤ.አ. በ2015 ፕሬዝዳንት ኦባማ አዲስ አበባ ሲመጡ በቤተ መንግሥት አይተዋታል፤ በእጃቸውም እንዲነኳት ተፈቅዶላቸዋል። እነዚህን መንገዶች ካርታ ላይ ብናሰምራቸው ሁሉም ከካዝናው ወደ እንግዳ ነው የሚሄዱት።

አንድ ሰው «ታዲያ ሐዳር ድረስ ትወሰድ ልትል ነው?» ይለኝ ይሆናል። አይደለም። አጥንት በተንቀሳቀሰ ቁጥር አደጋው ይጨምራል፤ በዚህ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነኝ። ስለዚህም ነው ነገሩን እንደ በጀት የማየው። አንድ የማይተካ ነገር በሕይወቱ ሊወጣ የሚችለው ጊዜ ቁጥሩ ውስን ነው ብለን ካመንን፣ እያንዳንዱ ጉዞ ከዚያ ላይ ይቀነሳል። በጀት ሲሆን ደግሞ ቅደም ተከተል አለው። ሂዩስተን ለምን ሄደች ብዬ አልጣላም፤ የእኔ ክርክር ስለ ወረፋው ነው። ከሁሉም አጭሩ መንገድ፣ በዚያው ግቢ ከካዝናው እስከ አዳራሹ ያለው፣ ወረፋው መጨረሻ ላይ ሊሆን አይገባም። ያ መንገድ አውሮፕላን የለውም፣ ጉምሩክ የለውም፣ ድንገተኛ ፍሬን የለውም። በዓመት ለጥቂት ቀናት፣ ቀኑ ቀድሞ ታውቆ፣ የአፋር ተማሪዎች መጀመሪያ የሚገቡበት ሰልፍ ማዘጋጀት ስፖንጅ የመቁረጥ ችግር አይደለም።

ለጉዞው ደጋፊዎች ፍትሐዊ ለመሆን፣ ከዚያ ጉዞ የወጣ አንድ ነገር አለ፤ እኔን ከምንም በላይ የሚያስደስተኝ። እ.ኤ.አ. በ2008 ድንቅነሽ ቴክሳስ፣ ኦስቲን ዩኒቨርሲቲ ለ10 ቀን ቆይታ በሲቲ ስካን ተነሣች። ከ35,000 በላይ ምስል ወጣ። በዚያ መረጃ ላይ ተመሥርተው ጆን ካፔልማንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2016 ከዛፍ ወድቃ ነው የሞተችው የሚል ጥናት አወጡ፤ ሌሎች ተመራማሪዎች፣ ያገኟት ዶናልድ ጆሃንሰንን ጨምሮ፣ አልተቀበሉትም። ክርክሩን ለባለሙያዎቹ እተዋለሁ። ለእኔ ዜናው ከጥናቱ ጋር የወጣው ፋይል ነው፦ የትከሻዋና የጉልበቷ ባለ ሦስት ገጽታ ቅርፅ ለማንም ሰው ተለቀቀ።

ሰሚት ያለው የጨዋታ ጓደኛዬ 3ዲ ፕሪንተር አለው። ወታደር በምናትምበት ማሽን ጉልበቷን አተምን፤ በትክክለኛ መጠኑ። መዳፍ ውስጥ ይገባል። ከስፖንጁ ንጣፍ ጥግ ላይ አርባ አራተኛ ጎድጓዳ ቆረጥኩለትና አያት እህቴ ቤት ይዤው ሄድኩ። የስድስት ዓመቷ ልጇ ከሻንጣው ራሷ አወጣችው፤ ጣት የሚገባበት አለው።

«የልጅ ነው አጎቴ?»

«አይ፣ የትልቅ ሰው ነው። ግን ቁመቷ አንቺን ብታክል ነው።»

ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ለካችው። ከዚያ ታናሽ ወንድሟን ጠርታ የእሱም ላይ ለካች። ዝም ብዬ አየኋቸው። መስታወት ሳጥን ውስጥ ያለው ቅጂ ይህን አያስደርግም። ያም ቅጂ ነው፣ ይህም ቅጂ ነው፤ ልዩነቱ አንደኛው በእጅ እንዲያዝ ታስቦ የተሠራ መሆኑ ነው።

ፋይል ስፖንጅ አያስፈልገውም፤ አይሰበርም፣ አንድ ቦታ እያለ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ይህን ስል ግን እንደ ባለሙያ ማስጠንቀቂያም አለኝ። ፋይልም ማኅደር ይፈልጋል። የሚከፍተው ፕሮግራም ሲጠፋ፣ የተቀመጠበት ሰርቨር ክፍያው ሲቋረጥ፣ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ሳይጻፍ ሲቀር ፋይል ከብራና ቀድሞ ይሞታል። እዚህም የመንገዱ ጥያቄ ይመጣል፦ ሲቲ ስካኑ የተነሣው በሌላ አገር ማሽን ነው፤ ቅጂው ግን በየአገራችን ትምህርት ቤት እንዲደርስ የሚሸከመው ማንገቻ ማን ሰፋለት? የካ አባዶ ያለ የሳይንስ መምህር ጉልበቷን ለክፍሉ ለማሳየት ፕሪንተር ያለው ወታደር ቀቢ ጓደኛ ሊኖረው አይገባም። በስፖንጅ የተደላደለ አንድ ሳጥን፣ ውስጡ አሥር የታተሙ አጥንቶች፣ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት የሚዞር። ቢሰበሩ እንደገና ይታተማሉ። የዚህ ሳጥን ስኬት የሚለካው እንደ አገልግል ነው፤ ተጎሳቁሎ ከተመለሰ ሠርቷል።

ስለ መያዣ የምጠይቃቸው ጥያቄዎች እንግዲህ ሦስት ናቸው። የት እንደማይነካ ያውቃል? እጅ ታስቦበታል? መንገዱ ወደ ማን ነው? ከረጢት የገባው የሰንጠረዥ ጠጠር ሦስቱንም ያልፋል። ማኅደር ሁለቱን አልፎ ሦስተኛውን ለተሸካሚው ይተዋል። የእኔ ስፖንጅ ለ43ቱ ያልፋል፤ ርካሽ ነገር ስለሆነ ግን ከዓመታት በኋላ ሲፈረፈር ሌላ መቁረጥ ሊኖርብኝ ነው። የድንቅነሽ መያዣ የመጀመሪያውን እንደሚያልፍ ሄዳ መመለሷ ይመሰክራል። ሁለተኛውን ለአንድ ፕሬዝዳንት አልፏል። ሦስተኛው ላይ ገና ነው።

ፕራግ ከመሄዷ በፊት አንድ ሰው ቁጭ ብሎ አጥንቶቿን አንድ በአንድ አስተኝቷል፤ የት እንደሚነካ፣ የት እንደማይነካ አስቦ። ያ ሰው ሥራውን እንደሚያውቅ አልጠራጠርም። በሚቀጥለው ጊዜ መንገዱን የሚመርጡት ሰዎች ግን እንደ ፍራሽ ሻጩ ጋሼ በቅድሚያ አንድ ነገር ቢጠይቁ ደስ ይለኛል። ለማን ነው?